ዓሦቹ ለምን ደበዘዙ?

ልጅቷ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ከፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ስላላት የሚያውቃት ሁሉ «ፍንጭት» ይላታል። ከእናቷ ጋር የምትኖረው ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። እናቷ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ስለዚህ ፍንጭት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን የምታስቀምጠው እናቷ ወንበር ሥር ነው። ዶክተሩም ባዩዋት ቁጥር «ይቺን ክፍተት ማንም እንዳይነካብኝ!» እያሉ ያስቋታል።

በሕመምተኞች መጠበቂያ ክፍል ጥግ ላይ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። በውስጡ ስድስት ዓሦች ይዋኛሉ። ብርቱካናማ ናቸው፤ ያውም ዓይን የሚስብ ደማቅ ብርቱካናማ። ልጆች፣ ጥርስ ለመነቀል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ልብ እንዴት ድው ድው እንደሚል ታውቃላችሁ። እዚያ የሚመጡ ሕፃናት ግን ዓሦቹን ሲያዩ ለቅሷቸውን ይረሱ ነበር።

ዶክተሩ ዓሦቹን ከሰዓት በኋላ እንድታበላ ለፍንጭት አደራ ሰጧት። ምግቡ ቀላ ያለ፣ ስስ ፍርፋሪ ነው፤ በጣሳ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

«አንድ ቁንጣሪ ብቻ» አሏት። «ጣሳውን ደግሞ ከመደርደሪያው እንዳታወርጂው። እሺ?»

«እሺ፣ ዶክተር።»

አንድ ቀን ጉንጯ ያበጠ አንዲት ትንሽ ልጅ እያለቀሰች መጣች። ፍንጭትን አሳዘነቻት። ደግሞም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትልቅ ሰው መስላ መታየት አማራት።

«ነይ፣ አንቺ ራስሽ ታበያቸዋለሽ!» አለቻትና ጣሳውን አወረደችው።

ጣሳው ከእጇ አመለጠ። ከመደርደሪያው ሥር የወለል መወልወያ ባልዲ ነበር። ምግቡ በሙሉ እዚያ ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተደፋ።

በዚያን ሰዓት «ዶክተር፣ ጣሳው ወደቀብኝ» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሷ ግን ግራ ቀኝ አየች። ከትንሿ ልጅ በስተቀር ያያት የለም። ባልዲውን ሽንት ቤት ደፋች፣ ጣሳውን በቀሚሷ አደረቀች። ከዚያ ከምሳዋ የተረፈውን ቀላ ያለ ደረቅ የዳቦ ቅርፊት በጣቶቿ አድቅቃ ጣሳውን ሞላችውና ክዳኑን ገጠመች።

«በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለች በልቧ።

ይቺን «በኋላ» እኔም አውቃታለሁ፣ ልጆች። እናንተም ሳታውቋት አትቀሩም።

ጣሳው ጎደል ሲል ፍንጭት በድብቅ ዳቦ ትጨምርበታለች። እሷ በሌለችበት ቀን ዶክተሩ ራሳቸው ከዚያው ጣሳ ቆንጥረው ያበሏቸዋል። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስት ሳምንት አለፈ። ውሃው ቶሎ ቶሎ ይደፈርስ ጀመር። ዓሦቹም ደበዘዙ። መጀመሪያ ሆዳቸው ፈዘዘ፣ ከዚያ ጀርባቸው። በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የታጠበ ልብስ መሰሉ።

ዶክተሩ ተጨነቁ። «ብርሃን አንሷቸው ይሆን?» ብለው አምፖሉን ቀየሩ። ለውጥ የለም። «ልጆች መስታወቱን እያንኳኩ አስደንግጠዋቸው ይሆን?» ብለው «አታንኳኩ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። አሁንም ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ዓይናቸው እትዬ ላይ አረፈ። እትዬ የምንላቸው የክሊኒኩን የጽዳት ሠራተኛ ነው። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ሰውን ክፉ አይናገሩም። የገንዳውን ውሃ በየሳምንቱ የሚቀይሩት እሳቸው ነበሩ።

«እትዬ፣ የውሃው ባልዲ ላይ በረኪና ቀርቶ ይሆን እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ዶክተር! የዓሦቹ ባልዲ እኮ ለብቻው ነው።»

«ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ ገንዳውን እርስዎ አይንኩት።»

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ፍንጭት ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ፊቷ ጋለ፤ ግን ቦርሳዋን ከወንበሩ ሥር አንስታ ወደ ቤት ሄደች። እሑድ ዕለት በጸሎት ሰዓት እንደ ሌሎቹ ልጆች ዓይኗን ጨፈነች። «አምላኬ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ልትል ጀመረችና ተወችው። ይቅርታ ልትለው የሚገባ ሌላ ሰው እንዳለ ታውቅ ነበራ!

በሳምንቱ አጋማሽ እጇን ልትታጠብ ስትሄድ እትዬን ቧንቧው ጋ አገኘቻቸው። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ያሸቱታል፣ ደግመው ይታጠባሉ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«በረኪናው እጄ ላይ ይቀር እንደሆን እያየሁ ነው፣ የኔ ልጅ። ባልዲውንስ አራቴ ነበር የማለቀልቀው። ግን እርጅና ነው፣ ረስቼ ይሆናል። እነዚያን ምስኪኖች የጎዳኋቸው እኔው ነኝ መሰለኝ።»

ልጆች፣ ሁላችንም ቁጣ እንፈራለን። ፍንጭት ግን በዚያ ቀን ከቁጣ የሚከብድ ነገር አየች። ሰው ባላጠፋው ጥፋት ራሱን ሲወቅስ አየች።

«እርስዎ አይደሉም!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ምግቡን ደፍቼው ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ዳቦ ነው።»

እትዬ ቧንቧውን ዘጉ። 

«ስንት ቀን ሙሉ የገዛ እጄን አላመንኩትም እኮ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

«ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። «ይቅር ይበልሽ። በይ ነይ። ለዶክተሩ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

ፍንጭት አንድም ሳታስቀር ተናገረች። እናቷ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ሆና ሰማችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዶክተሩ ጣሳውን ከፍተው አሸተቱ።

«ዳቦ!» አሉ። «እኔም ከዚሁ ስቆነጥር አንድ ቀን እንኳ ልብ አላልኩም።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ። «ሳላጣራ ወነጀልኩዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ዶክተር፣ ዳቦ ቀለም ያጠፋል?» አለች ፍንጭት።

«ቀለሙ ከምግባቸው ነው የሚመጣው። ዓሣ ይህን ብርቱካናማ ቀለም ራሱ አይሠራውም። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ዓይነት ነገር ከምግቡ ማግኘት አለበት፤ ዳቦ ውስጥ ያ የለም። ዳቦው ውሃውንም አቆሸሸባቸው። ዓሣ ብርሃን ሲያጣም፣ ሲደነግጥም፣ ውሃው ሲበላሽም ይደበዝዛል።»

«ይመለስላቸዋል?»

«ቀስ በቀስ ነው የሄደው። ከተመለሰም ቀስ በቀስ ነው።»

ገንዳው ለእትዬ ተመለሰ። ፍንጭትም በየቅዳሜው ባልዲ እየያዘች እንድታግዛቸው እናቷ ወሰነች። አዲስ ምግብ መጣ። በሦስተኛው ወር አምስቱ ዓሦች እንደ ድሮው ደመቁ። ትልቁ ዓሣ ግን ከወገቡ እስከ ጅራቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «እንዲህ የሚያጋጥምበት ጊዜም አለ» አሉ ዶክተሩ።

አንድ ቀን ተራ የሚጠብቅ ሕፃን ጣቱን ወደ ትልቁ ዓሣ ቀሰረ።

«ይሄኛው ለምንድን ነው ነጭ የሆነው?»

ፍንጭት ባልዲውን አስቀመጠች። «እንዲሁ ነው» ማለት ትችል ነበር። እትዬ አጠገቧ ነበሩ።

«የማይሆን ምግብ ስሰጠው ቆይቼ ነው» አለች። «ምግቡን ደፋሁና ደበቅኩ። እትዬ ደግሞ በእኔ ጥፋት ተወቀሱ።»

ሕፃኑ እትዬን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ ዓሦቹ ተመለሰ።

ልጆች፣ ጥፋታችንን ስንደብቅ ሌላ ሰው ይሸከመዋልና፣ ባጠፋን ጊዜ ሳንውል ሳናድር እንናገር።