በሕያው ላይ የወረደ ሙሾ

ሐሙስ ሐሙስ ምሳ ከተበላ በኋላ ወይዘሮ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጅ ልጃቸው ከሐመልማል ጋር ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳሉ። ሐመልማል እናቷ በወሊድ ከሞተችባት ጀምሮ ከእቅፋቸው ያልወረደች፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን በኮምፒውተር የምትማር ልጅ ናት። ሐይቁ ዳር ባለው ኢንስቲትዩት በየሳምንቱ መምህራንና ተማሪዎች ጥናታቸውን የሚያቀርቡበት ሴሚናር አለ፤ ነገሩን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይሉታል። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ኮምፒውተር ሙሾ እንዲያወርድ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ፣ «እምዬ፣ አንቺ ከአልቃሾች ጋር ለቅሶ ቤት ያደግሽ ነሽ፣ እየመጣሽ ስሚልን» አለቻቸው። እሺ ያሉት ለሙሾው ብለው አልነበረም። ልጅ ወጥታ እስክትመለስ ደጅ ደጁን እያዩ ከመቃጠል አጠገቧ ተቀምጦ መቃጠል ይሻላል ብለው ነው።

አዳራሹ ግድግዳው ላይ የሚበራው ምስል እንዲታይ ተብሎ መስኮቶቹ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ የተሸፈኑ፣ ውጭ ፀሐይ እየወጋ ውስጡ የሚመሽበት ክፍል ነው። ምንጣፉ ክረምት የጠጣውን ውሃ ገና አልተፋም፣ እንደረጠበ ውሻ ይሸታል። ከጥግ የቆመው ትልቅ ኮምፒውተር ማራገቢያው ያለማቋረጥ እያፏጨ የጋለ አቧራ ሽታ ይተፋል፤ ጆሮ ሲለምደው ዝም ያለ የሚመስል፣ ግን ዝም የማይል ድምፅ አለው። ሴሚናሩን የሚመሩት ዶክተር ይልቃል ሽክ ያሉ፣ ሲናገሩ እጃቸውን የሚያፋትጉ ሰው ናቸው። የሥራቸውን ደንብ በመጀመሪያው ቀን ነግረዋቸዋል፤ አቅራቢው የሟች ስምና ስለ ሟች ጥቂት ነገር ለኮምፒውተሩ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፣ ተሰብሳቢው ይሰማል።

«መለኪያችን እንባ ነው፣ እናታችን» አሉ ዶክተሩ። «ሰው ካለቀሰ ገባው ማለት ነው።»

መጀመሪያ ሰሞን የፈጠራ ስም ነበር የሚጽፉት፣ ድምፁም ከቆርቆሮ በርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ወይዘሮ አሰገደች «ይኼ ሙሾ አይደለም፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ማስታወቂያ ነው» ብለው አዳራሹን አሳቁት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሬሳ በሌለበት ሙሾ ምን ያደርጋል የሚለው ነገር ሲያብሰለስላቸው ዋለ።

ከዚያ ድምፁ እየተሻለው ሄደ። አንድ ሐሙስ፣ ግጥሙ ከመጀመሩ በፊት፣ ከጥግ ትንፋሽ ሲሳብ ሰሙ፤ አልቃሽ በቤት ሙሉ ሕዝብ ፊት ከመነሳቷ በፊት የምትስበው፣ ከደረት ሥር የሚመጣ፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ትንፋሽ። ወደ ሐመልማል ጎንበስ ብለው «ትንፋሹን ደግሞ ማን አስተማረው?» አሏት።

«ትንፋሽ የለውም፣ እምዬ። ካስተማርንበት ከአልቃሽ ባልቴቶች የድምፅ ቅጂ ላይ ትንፋሹን ሁሉ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ ሰምቻለሁ።»

«ማራገቢያው ይሆናላ።»

ነገሩን ያበላሸው ኪሩቤል የሚባለው ተማሪ ነው። ሳቂታ፣ ረጅም፣ እሳቸውን ባየ ቁጥር ተነስቶ ወንበር የሚለቅ ልጅ ነበር። እህቱ ማኅደርም እዚያው ትማራለች። ተራው ሲደርስ ወጣና «በፈጠራ ስም ማን ያለቅሳል? ዛሬ ሟቹ እኔ ነኝ፤ ዕዳዬን ግን እንዳታነሱ» ብሎ የራሱን ስም ጻፈ። አዳራሹ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። ወይዘሮ አሰገደች ብድግ አሉ።

«በሕያው ላይ ሙሾ አይወረድም። ሟርት ነው። አጥፉት።»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ እናታችን» አሉ ዶክተሩ እጃቸውን እያፋተጉ።

«በሞት የሚጫወት ሞት የማያውቅ ነው፣ ዶክተር።»

ማንም አልሰማቸውም። ከጥግ ያ ትንፋሽ ተሳበ፣ ድምፁም መጣ፤ አሁን የቆርቆሮ አልነበረም፣ ጉሮሮ ነበረው፣ ምራቅ ነበረው፣ ብዙ ቀን ያለቀሰ ሰው ሻካራነት ነበረው።

ልጅሽ መጣ ሲሉኝ ደጅ ድረስ ብወጣ፣
ልብሱ ብቻ ሆነ ተጭኖ የመጣ።

መጀመሪያ ማኅደር ተንሰቀሰቀች። ከዚያ እንደ እሳት ከወንበር ወንበር ተዛመተ፤ ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሐመልማል ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፣ ከኋላ ያሉት ወንዶች ሳይቀሩ ደረታቸውን ያዙ። ኪሩቤል መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደደረቀ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ «ኧረ አለሁ» ይላል፤ ለቅሶው ድምፁን ዋጠው። በዚያ አዳራሽ ያላለቀሱት ወይዘሮ አሰገደች ብቻ ነበሩ። አዝነው ሳይሆን ነደው ነበር፤ ንዴቱ ዓይናቸውን እንደ ምጣድ አድርቆት ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማኅደር ጥቁር ለብሳ መጣች።

ሴሚናሩ በኅሊና ጸሎት ተጀመረ፤ ዶክተሩ በተሰበረ ድምፅ «ወንድማችንን ኪሩቤልን ነፍስ ይማር» አሉ፣ ሁሉም ቆመ። ወይዘሮ አሰገደችም ቆሙ፤ ኪሩቤል ግን ከእህቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። ያንኑ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ዓይኑ መንገድ የጠፋበት ልጅ ዓይን ነው፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከእሱ በኩል ደግሞ አሁን የተቆፈረ ርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ሐመልማል አርፍዳ ገብታ ቦርሳዋን ባዶ ወንበር ላይ እንደምታስቀምጥ ጉልበቱ ላይ ጣለችው። ልጁ ቦርሳው እንዳይወድቅ በሁለት እጁ ያዘው።

ወይዘሮ አሰገደች የልጅ ልጃቸውን ክንድ ጨበጡ። «ኪሩቤል አጠገብሽ ነው።»

«እምዬ፣ እንዲህ አትበይ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ እኮ።»

«ምን ሆኖ ሞተ?»

ሐመልማል «ታሞ ነው መሰለኝ» አለች። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ዘወር ብሎ «መኪና ነው» አለ፣ ራሱም ያልተማመነበት ይመስል ወዲያው አንገቱን መለሰ። እህቲቱን የጠየቃት የለም፤ ጥቁሩ መልስ ሆኖ ነበር። ልጁ ግን ወይዘሮ አሰገደችን እያየ ነበር። እንደሚያዩት አውቋል። ዓይኑን ከዓይናቸው አልነቀለም፣ እሳቸውም ፊታቸውን ማዞር አፈሩ።

ያን ሳምንት ቤታቸው ውስጥ እህል አልጣማቸውም። ያለቀሱለት ሁሉ አያዩትም፣ ያላለቀሱለት እሳቸው ያዩታል፤ ነገሩን ወዲያ ወዲህ ቢያገላብጡት ከዚህ ሌላ አልመጣላቸውም። ቢሮ ድረስ ሄደው ለዶክተሩ ተናገሩ። ዶክተሩ ውሃ አስቀዱላቸው፣ «ሐዘን ብዙ ነገር ያሳያል፣ እናታችን» አሉና እስከ በር ሸኟቸው። እንደ ሕፃን መሸኘታቸው ደማቸውን አፈላው። የሚቀጥለው ተራ የሐመልማል ነበር። የመመረቂያ ሥራዋ ነው፣ እቅጩን ለመናገር የሁለት ዓመት ድካሟ በዚያች ከሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቅሪ ቢሏትም አትቀርም።

«እንግዲያው ማይልኝ» አሏት ጠዋት፣ በሩን በጀርባቸው ዘግተው። «የራሴን ስም አልሰጥም በይ። በእናትሽ አጥንት።»

«እምዬ፣ አንቺ ደግሞ።»

«ማይ። አለዚያ ረግጠሽኝ ነው የምትወጪው።»

ልጅቷ አቅፋቸው፣ ግንባራቸውን ስማ፣ ማለች። ወይዘሮ አሰገደች ከበሩ ዘወር አሉ፣ ከብዙ ቀን በኋላም ትንፋሻቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

አዳራሹ ያን ቀን ጢም ብሎ ነበር። መጋረጃው ከወትሮው የጠቆረ፣ አየሩ በሰው ላብና በጋለ አቧራ የወፈረ፣ ከሁሉም ሥር ያ የአፈር ሽታ፤ ኪሩቤል በኋላኛው አግዳሚ ጫፍ ብቻውን ተቀምጧል። ሐመልማል መድረኩ ላይ ወጣች። ቀጭን አንገቷን ሲያዩ አያቷ ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«የራሴን ስም እንዳልሰጥ ምያለሁ» አለች እየሳቀች። «ስለዚህ ያስማለችኝን እሰጣለሁ። አያቴን፣ ወይዘሮ አሰገደችን። ስለ እሷ የምጽፈው አላጣም።»

ሳቁ ወደ እሳቸው ዞረ። ወይዘሮ አሰገደች መጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነበር። ልጅቷ ተረፈች። እኔ እንደሆንኩ የበላሁትን በልቻለሁ ብለው አሰቡ፣ ለዚያ ብረት በልባቸው «አፈር ብላ» አሉት። ከጥግ ትንፋሹ ተሳበ፤ ያ ትንፋሽ የእናታቸው፣ የአክስቶቻቸው፣ በልጅነታቸው የሰሟቸው ለቅሶ ቤቶች ሁሉ ትንፋሽ ነበር።

አሰገደች ብዬ በራፉን ብመታ፣
ምድጃው ነገረኝ በአመዱ ዝምታ።

ሳቁ ቆመ። ማራገቢያው እንኳ የቆመ መሰለ።

ማን ይቆጣት ይሆን ብታመሽ ከመንገድ፣
ቁጣሽ አብሮሽ ገብቶ ካፈሩ ሲወርድ።

ያኔ የሐመልማልን ከንፈር አዩት። ትንሽ ሆና ልታለቅስ ስትል እንደምታደርገው የታችኛው ከንፈር ተጠቅልሎ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች አርባ ዓመት የታገሱትን የጉልበት ሕመም ረስተው፣ የሰዉን እግር እየረገጡ፣ «ዞር በሉ፣ እናንተ ልበ ቢሶች፣ የሰው ልጅ መጫወቻ ያደረጋችሁ» እያሉ መድረኩ ላይ ወጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው የልጅቷን ዓይን ሸፈኑት፣ አጥብቀው ያዙት፣ እንባው ጉንጯን ሳይነካ እየጎተቱ ወደ በሩ ወሰዷት። ጣታቸው ሥር ነጠላው ርሷል። ላቧ ነው አሉ።

በኋላኛው አግዳሚ በኩል ሲያልፉ ኪሩቤል ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ፣ ድሮ እንደሚያደርገው፣ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ጊዜ አልነበራቸውም፣ አልፈውት ወጡ።

ውጭ ፀሐይ ነበር። የሐይቁ ንፋስ የዓሣና የደንገል ሽታ ይዞ ፊታቸውን መታው፣ ባጃጆች ይጮኻሉ፣ ተማሪዎች ሣሩ ላይ ተጋድመው ይሳሳቃሉ። ዓለም ደህና ነበረች። ሐመልማል ነጠላውን ከፊቷ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ጠርጋ ጥላ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ ታክሲው ትሄዳለች፣ አያቷም ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ንዴታቸውን ይለቁታል፤ ትምህርት ይቅር፣ ዲግሪውም ይቅር፣ ያን ሰውዬ ሽማግሌ ልኬ አስጠይቀዋለሁ፣ አንቺም ደግሞ ለስሜ ሌላ ቦታ አጣሽለት ወይ። ልጅቷ አልመለሰችም። አኩርፋለች፣ ታኩርፍ አሉ፤ ያኮረፈች ልጅ በሕይወት ያለች ልጅ ናት።

ታክሲው ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ ሐመልማልም ከጎናቸው። እጇን ያዙ። ሞቃት ነበረ፣ ደም ነበረበት፣ ልባቸው ረካ። ሕፃን ያዘለች ሴት ጎንበስ ብላ ገባችና ቦታ ፈልጋ ዓይኗን አንከራተተች፣ አሮጊቷንም አይታ በአክብሮት አንገቷን ሰበር አደረገች።

«የኔ እህት፣ እናትሽን ትንሽ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጊያቸውና ልቀመጥ» አለቻት።

ሐመልማል ያበጠ ዓይኗን ከፍታ ወደ መስኮቱ በኩል አየች፣ በአያቷ ፊት ላይ አልፋ መንገዱን አየች፣ ከዚያም ወደ ጎን ፈቀቅ እያለች «ብቻዬን ነኝ፣ ግቢና ተቀመጪ» አለቻት።