ስፒከር አይጠብቅም

«ጫምሳን እናውጣው» አለች ሶሲ፣ የስፒከሩን ድምፅ እየቀነሰች። «ነገ ሰው ፊት ሼም ያከናንበናል።»

ሱሃይላ ወደ ልጆቹ ዞረች። የሰፈሩ ሕፃናት ግቢው ውስጥ እንደተሰለፉ ቆመዋል። ከሁሉም የሚያንሰው ጫምሳ ጭብጨባውን ገና አሁን ጨረሰ። ነገ የትምህርት ቤቱ የባህል ቀን ነው፤ ሁለቱ ጓደኛሞች ልጆቹን የወሎ ሰርግ ጨዋታ ሲያለማምዱ ሰንብተዋል። ዘፈኑ የሚመጣው ከሶሲ ስልክ ነው። ጫምሳ ደግሞ እቤቱ አፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው፤ የአማርኛውን ቃል እስኪያስታውስ ዘፈኑ ጥሎት ይሄዳል።

«ስፒከሩ አይጠብቀውማ» አለች ሱሃይላ።

«እና አንቺ ከበሮ ይዘሽ ልትወጪ ነው?» ሶሲ ሳቀች። ሱሃይላ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት እንኳ እንደምታፍር ታውቃለች።

ሱሃይላ ወደ በረንዳው አየች። አክስቷ በድሪያ ቆዳው እንዲወጠር ከበሮውን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ከደሴ ይዛው ከመጣች ወዲህ የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ ያደመቀችው እሷ ናት። ዘንድሮ የእጅ አንጓዋን እያመማት መምታቱን ተወች። ማሞቁን ግን አልተወችም።

ሱሃይላም ትንሽ ሳለች እንደ ጫምሳ ወደኋላ ትቀር ነበር። አንድ ሰርግ ላይ የሆነች ሴትዮ ይቺን ልጅ አስቀምጧት ስትል፣ በድሪያ መዳፏን ከበሮው ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ሴቶቹም ዝም አሉ። የሱሃይላ ቀጭን ድምፅ ብቻውን ተቀብሎ ሲጨርስ፣ ከበሮው ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። ማንም አልሳቀባትም። ለዚያ ዝምታ አክስቷን አመስግናት አታውቅም።

በረንዳው ላይ ወጥታ ከበሮውን ነካችው። የአዳማ ፀሐይ እንደ ምጣድ አግሎታል።

«አክስቴ፣ ለነገ ልውሰደው?»

በድሪያ የምትለቅመውን ምስር አላቋረጠችም። «ታዲያ ለማን የማሞቀው መስሎሽ ነው?»

ሱሃይላ ጎንበስ ብላ የአክስቷን የታመመ አንጓ ሳመችና ከበሮውን አንገቷ ላይ አጠለቀች።

«ሶስዬ፣ ስፒከሩን አጥፊው።»

ሶሲ አየቻት፣ ከበሮውን አየች፤ ከዚያ አጠፋችው።

ሱሃይላ ከበሮውን መታች። ዘፈኑን አወጣች። ልጆቹ ተቀበሉ። ጫምሳ እንደ ልማዱ ወደኋላ ቀረና ደንግጦ ቀና ብሎ አያት።

መዳፏን የሞቀው ቆዳ ላይ አሳርፋ ጠበቀችው።