የቆመው የወተት ጠብታ

ፎቶ አንሺው ማጅራቱን በብረት የካሜራ መቆሚያ ተመትቶ፣ ስቱዲዮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የሚረጭ ውኃንና የሚሰበር ብርጭቆን በፍላሽ አየር ላይ ቀጥ አድርጎ ስለሚያስቀር ሰፈርተኛው «ብልጭታ» ይለው ነበር። አስከሬኑን ያገኘችው ልጁ ናት፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ለመርማሪዋ ደወለላት። «ልጅቷ ትናንት ከአባቷ ጋር ተጣልታለች፤ ሬሳውንም ብቻዋን ነው ያገኘችው። የእምነት ቃል አስፈርሚያትና መዝገቡን ዝጊው።»

«ያላመንኩበትን አላስፈርምም!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ልጅቷም የዋዛ አልነበረችም። «ብትሰቅሉኝም አልፈርምም! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትምህርት ቤት፣ አርባ ተማሪዎች ፊት ሳስተምር ነበር። ከአባቴ ጋር የተጣላነውም ‹አጎቴን አታምነው› ስላልኩት ነው።»

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድምና የሥራ ሸሪክ ነው። ብልጭታ ወተት ሲያፈስ የሚያሳይ ፎቶ አቀረበ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ደህና ነበር።» ፎቶ አታሚው ወዳጃቸውም ፊልሙን ከአጎትየው ዘጠኝ ተኩል ላይ እንደተቀበለና እስኪመሽ አብረው እንደነበሩ መሰከረ።

መርማሪዋ ፎቶውን በአጉሊ መነጽር መረመረችው። ሸሚዙ ሟቹ የሞተበት ነው። የወተቱ ጠብታዎች እንደ ዶቃ ጥርት ብለው አየር ላይ ቆመዋል።

«ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኮ እዚህ መብራት አልነበረም» አለችው።

አጎትየው ወደ መስኮቱ ጠቆመ። «የመስኮቱ ብርሃን በቃኝ።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበች። ልጅቷ ፎቶው በተነሳበት የአባቷ ካሜራ የሚፈስ ወተት ሁለት ጊዜ አነሳች፤ አንዱን በመስኮት ብርሃን፣ አንዱን በፍላሽ። አታሚው አጥቦ አመጣቸው። በመጀመሪያው ወተቱ ነጭ ጭረት ሆኗል። በሁለተኛው ጠብታው ቆሟል።

«የዚህ ካሜራ መዝጊያ ቢፈጥን ቢፈጥን የሰከንድ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ነው» አለችው መርማሪዋ አጎትየውን። «ወተቱ ይቀድመዋል። ፍላሹ ግን የሰከንድ አሥር ሺኛ ያህል ብቻ በርቶ ይጠፋል፤ ጠብታው የት ይሄዳል? ይህ የስቱዲዮ ፍላሽ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ አይበራም። የለበሰው ሸሚዝ የሞተበት ስለሆነ፣ ፎቶው የተነሳው ያን ዕለት፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው። ‹ራሴ ነኝ ያነሳሁት› ብለዋል፤ ጠዋት አብረውት ነበሩ ማለት ነው። ሟቹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ‹ያቆዩት› ጥርጣሬው ከትምህርት ቤት በምትወጣው ልጅ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ እርስዎ ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ ምስክር አለዎት።»

አታሚው ራሱን ያዘ። «ለፎቶ ኤግዚቢሽንህ እኔ ጋ በስምህ ያሳተምካቸው የቆሙ ጠብታ ፎቶዎች… የእሱ ነበሩ?»

«ዕድሜ ልኬን ‹የብልጭታ ወንድም› ስባል ኖርኩ!» ጮኸ አጎትየው። «ፎቶዎቹን መውሰዴን ደርሶበት ‹አጋልጥሃለሁ› አለኝ።»

እስከዚያች ቀን አንቱ ትለው የነበረችው ልጅ ፊቱ ቆመች።

«የአባቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ በራሱ ስም ኤግዚቢሽን ላይ እሰቅላቸዋለሁ። አንተም እስር ቤት ሆነህ ትሰማለህ!»