የታችኛው ጫፍ ቄጠማ

ሕዝቅኤል ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ ፈርሜ ነበር።

አባቱ ጋሽ ጌቱ ላፍቶ ወንዝ ዳር ሊያሠሩ ያሰቡት ሕንፃ የአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት እንዲያገኝ፣ ቦታውን የምመረምረው እኔ ነበርኩ። በየካቲት ሄጄ ሳየው ደረቅ ነበር፤ እንግዳ ይመጣል ብለው ታችኛውን ጫፍ ሳይቀር አጭደው ደልድለውታል። ከዚያ ወዲህ ሕዝቅኤል ሰበብ እየፈለገ ይደውላል፣ እኔም ሰበቡን እያወቅኩ አነሳለሁ። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ? ለቅርብ ሰው መፈረም አይፈቀድምና ያኔውኑ ሥራውን ለሌላ ማስተላለፍ ነበረብኝ። አላደረግኩትም።

ጋሽ ጌቱ መሬቱን የያዙት የመካኒሳ ቤታቸውን ሸጠው ነው። ወረቀቱ እንደወጣ ለቤተሰቦቼ ሽማግሌ ሊልኩ አስበዋል።

የቀዳም ስዑር ዕለት፣ ጎፋ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሕዝቅኤል ቄጠማውን ራሴ ላይ አሰረልኝ። ጣቶቹ ግንባሬን ሲነኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዘንድሮ ለደብሩ ቄጠማ የሰጠነው እኛ ነን» አለ በኩራት። «ከመሬታችን፣ ከታችኛው ጫፍ ያጨድኩት ነው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። «ሕንፃው ከሚያርፍበት?»

«አዎ፤ በልግ በጣለ ቁጥር ይበቅላል እኮ።»

ራሴ ላይ ያለውን ቄጠማ በጣቴ ዳሰስኩት።

«ሕዝቄ፣ ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ቄጠማ ውኃው ጎደለ የሚል ነበር። ይሄ ግን ውኃው ከሥር አለ ነው የሚለኝ። ክረምት ወንዙ እዚያ ይተኛል። አልፈርምም።»

«አባቴ ቤቱን የሸጠው ለዚህ ነው፣ ናዝሬት።»

«አውቃለሁ።»

«እኛስ?»

ቄጠማውን ከራሴ ሳልፈታ ታክሲ ተሳፈርኩ፤ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። አልደወለም።

በነሐሴ ጋሽ ጌቱ ራሳቸው ወደ ቦታው ጠሩኝ። ታችኛው ጫፍ በውኃ ተውጧል፣ ጉልበት ይደርሳል። ሕዝቅኤል ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ሰው አስገብተንበት ቢሆንስ?» አሉ ውኃውን እያዩ። «በፕላኑ ላይ ሕንፃውን ወደ ላይኛው ጫፍ አወጣነው፣ አንድ ፎቅም ቀነስን። ታቹ ለውኃው ይሁን። በይ ልጄ፣ አሁን ፈርሚልን።»

«ሌላ ባለሙያ ይይልዎት፣ ጋሽ ጌቱ።»

«ተቀየምሽን?»

«አልተቀየምኩም» አልኩ። «ለቤተሰቤ ግን አልፈርምም።»

ሕዝቅኤል ቀና ብሎ አየኝ።