የቀኙ የፊት ጎማ

ታምሩ የሞተው ተቀምጦ ነው። ጀርባው ከግቢው የድንጋይ ግንብ፣ ደረቱ ከገዛ መኪናው የኋላ መከላከያ ጋር ተጣብቆ፣ የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጠራራ ፀሐይ። በመጨረሻ ግንቡን ከጀርባው አፍርሰው ሲያወጡት ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ኢንስፔክተር አደይ በማግስቱ ጠዋት ከወልቂጤ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወስዷል። መኪናው ግን እዚያው ተዳፋቱ ላይ ቆሟል። ታምሩ ከጨረታ ገዝቶ ለዓመታት በእጁ እየፈታ ሲገጥመው የኖረ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር፤ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ቸሃ፣ ወደ አባቱ አገር ሊወጣበት ከኋላው ተቀምጦ ሲያዘጋጀው ነው የሞተው።

ጥፋተኛውን ሰፈሩ ቀድሞ አግኝቶታል። መካኒኩ ባዩ ትናንት ጠዋት ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ፈትቶ መጋጠሚያውን፣ ክሮቼራውን፣ ሊያስቀይር ወደ ገበያ ወጥቶ ነበር። ኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ስላልተገኘ፣ «ሳያስደግፍ ጥሎት ሄደ» ተባለ። ባዩ ታሰረ። የሟቹ ዘመዶች የባዩን ቤት መስኮቶች በድንጋይ አረገፏቸው። ሚስቱ ሲና ሕፃኗን አዝላ የጣቢያው በር ላይ ቆማለች፤ ነገ ጠዋት ባሏ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

አደይ መጀመሪያ ያነጋገረችው አበራን ነው። ጎረቤት ነው፤ ወፍጮ ቤት አለው።

«ስንት ሆናችሁ ገፋችሁት?»

«አሥር እንሆናለን። እኔ ብቻዬን ኩንታል የምሸከም ሰው ነኝ! ከፊት በገመድ ሳብነው፣ ከጎን በትከሻ ገፋነው። ንቅንቅ የለም!»

«ማርሹን ለምን አላወጣችሁም?»

«ጋቢናው ተቆልፏላ! ጋሼ ታምሩ መኪና ሥር ሲሠራ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ማንንም አያምንም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ኪሱ ደግሞ ከመከላከያው ሥር ነው።»

«መስታወቱስ?»

«ልስበር ብዬ ድንጋይ አንስቼ ነበር። መምህር ኤልያስ፣ ወንድሙ፣ ‹ጊዜ አታጥፋ፣ ግፋ!› ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ የወንድሙን እጅ ይዞ ይጸልይ ጀመር። እንዲህ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ታምሩ ይናገር ነበር?»

«በየትኛው ደረቱ? እጁን ብቻ ያነሳል፣ ወደ ፊት። ያነሳል፣ ኤልያስ ይይዝለታል። ያነሳል፣ ይይዝለታል።»

አደይ ከሬሳው ኪስ በተገኘው ቁልፍ ጋቢናውን ከፈተች። ማርሹ አንደኛ ላይ ነው፤ የፊት ጎማዎችን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ትንሹ የማርሽ እጀታም ገብቷል። ወርዳ ወደ ፊት ጎማዎቹ ሄደች። እያንዳንዱ ጎማ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ፤ ሾፌሮች ሎክ ይሉታል። ሎኩ ሲታሰር ጎማው በማርሹ ይያዛል፤ ሲፈታ እንደ ጋሪ ጎማ በነፃ ይዞራል። የጣቢያውም መኪና እንዲሁ ያለ ስለሆነ፣ ይህን በጭቃ ውስጥ ተንበርክካ ነው የተማረችው።

ሁለቱም ሎኮች ታስረዋል። የግራው በደረቅ አቧራ ተሸፍኗል። በቀኙ ላይ ግን የፒንሳ ጥርስ የፋቀው ብረት ያብለጨልጫል። ከጎማው ሥር መሬቱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ታምሩ ትናንት ጠዋት የመኪናውን ፊት አጥቦት ነበር።

የሟቹን ሚስት ማርታን ከማድ ቤት ደጃፍ አገኘቻት። አላለቀሰችም።

«ለመስቀል ቅቤ እያሸሁ ነበር። ጩኸቱን ስሰማ እንደዚያው ወጣሁ፣ እጄን እንኳ ሳልጠርግ። እዩት፣ መኪናውን አልብሼዋለሁ።»

እውነቷን ነው። በመኪናው ግራ ጎን የቅቤ መዳፎች ከበር እስከ መከላከያ ታትመዋል።

«ማን ቀደመሽ?»

«ኤልያስ። ከፊት ለፊት፣ ከወዲያኛው ጎማ ዘንድ ተንበርክኮ ነበር። አምላኩን የሚለምን መሰለኝ። እሱ መቼም መንበርከክ ለምዷል።» ከንፈሯ ፈገግ አለ። «አምና ጉንችሬ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘን። ታምሩ ውረድና ሎክ እሰር አለው። አንዱን ብቻ አስሮ ተመለሰ። ታምሩ በገበያው ሰው ፊት፣ የኤልያስ ተማሪዎችም ቆመው፣ ጭቃው ውስጥ አንበርክኮ ‹ሁለቱም ካልታሰሩ አንዱም አልታሰረም› እያስባለ አስደገመው። እኛ ከላይ ሆነን በሳቅ ሞትን።»

«ሰሞኑንስ ተጣልተው ነበር?»

«ጠብ አይባልም። ታምሩ፣ ‹አንተ የአባቴ ልጅ አይደለህም፤ መስቀል ላይ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ፤ ከርስቱ የእንሰት ቅጠል እንኳ አትነካም› አለው። ምሳ እየበላን ነው። ኤልያስ ጉርሻውን ውጦ ሌላ ጠቀለለ።»

ኤልያስን ሳሎን ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘችው። የቀኝ ጉልበቱ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል።

«ከመዘምራን ልምምድ ስመለስ ጩኸት ሰማሁ። በቀጥታ ወደ ወንድም ጋሼ ሮጥኩ፤ እስኪያርፍ ድረስ ካጠገቡ አልተለየሁም።»

«ወደ ፊተኛው ጎማ አልሄድክም?»

«እዚያ ምን አለኝ? እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ከመኪና የማውቀው መሳፈር ነው። ባዩን ጠይቂው።»

ባዩን ጠየቀችው። በጣቢያው ክፍል ጥግ ተቀምጦ እጆቹን ያሻሻል።

«ድንጋይ ለምን አላደረግህም?»

«ጋሼ ታምሩ እሺ ቢሉኝ ነው? ‹ድንጋይ የፈሪ ነው፤ የፊቱ ይይዘዋል› ይላሉ። ሁለቱንም ሎክ በገዛ እጃቸው አሰሩ፣ በሩን ቆለፉ። ዘንጉን ስፈታ ከሥሩ ነበርኩ እኮ፣ ኢንስፔክተር። ባይዝ እኔ ነበርኩ የምሞተው።»

«ስትመለስስ?»

«ግንቡን እያፈረሱ ነበር። ዕቃው እጄ ላይ ሳለ ነው የያዙኝ።»

ከሰዓት በኋላ አደይ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባዩ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። ከቸሃ የመጡት ዘመዶች ሲያዩት አንዱ ምራቁን ተፋ።

«ይህ መኪና ትናንት ከቆመበት አልተነካም» አለች። «ገመዱን ያዙና ወደ ፊት ሳቡት።»

ሳቡ። አበራ ገመዱን በትከሻው ይዞ ጎተተ፤ አንገቱ ተገታተረ። መኪናው አልተነቃነቀም።

«አሥር ሰው የማያንቀሳቅሰው መኪና ብቻውን ተንሸራቶ ሰው ገደለ። እንዴት? የኋላው ዘንግ ስለወጣ የእጅ ፍሬኑም አይሠራም፤ ማርሹ የሚይዘው የፊት ጎማዎቹን ብቻ ነው። ባዩ ሲሄድ ታስረው ነበር፤ ባይታሰሩ መኪናው ትናንት ጠዋት ባዩን ራሱን በጨፈለቀው ነበር። አሁንም ታስረዋል። ጋቢናው ተቆልፎ ስለነበር ማርሹን የነካ የለም። ስለዚህ መካከል ላይ አንድ ሰው ሎክ ፈታ፣ መኪናው ከተንሸራተተ በኋላም መልሶ አሰረ።»

«ባዩ ነዋ!» አለ ከዘመዶቹ አንዱ።

«ባዩ የደረሰው ግንቡ ሲፈርስ ነው። ሎኩ የታሰረው እናንተ መግፋት ከመጀመራችሁ በፊት ነው፤ ያለዚያ በገፋችሁት ነበር። በዚያች ቅጽበት እዚህ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ማርታ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ማርታ የነካችው ሁሉ ቅቤ ሆኗል። ሎኮቹ ላይ ቅቤ የለም። አሁን ቀኙን ተመልከቱ። ተዳፋት ላይ የመኪናው ክብደት ስለሚጫነው በእጅ እሺ አይልም፤ በፒንሳ ነው የተፈታው። የግራው አልተነካም። አላዋቂ ሁለቱንም ይፈታ ነበር። ይህ ሰው ግን አንዱ ከተፈታ ሁለቱም እንደተፈቱ ያውቃል፤ በሰው ፊት ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ በቃሉ አጥንቶታል። ትናንትም እዚያው ተንበርክኮ ታይቷል። ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ እዩት።»

ሁሉም ወደ ኤልያስ ዞሩ። እሱ ወደ መሬት ያያል።

አደይ ጎንበስ ብላ የቀኙን ሎክ በፒንሳ ፈታች። «አሁን ሳቡ።»

መኪናው ሲጢጥ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፤ ከተዳፋቱ በላይ ያለው ሜዳ ላይ ወጥቶ ቆመ። አበራ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እጁን ሲያነሳ…» አለ። «ወደ ጎማው ነበራ! እያሳየን ነበር! አንተ ደግሞ እጁን ይዘህ…»

«እጸልይ ነበር» አለ ኤልያስ።

«ለምን መልሰህ አሰርከው?» አለች አደይ። «ተንሸራቶ እንደሆነ ማንም ያምን ነበር።»

ኤልያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «በሕይወት ነበር። ገፍተው ሊያወጡት ነበር።» ወደ ሎኩ እያየ፣ «ሁለቱም ካልታሰሩ አንዱም አልታሰረም። ጥሩ አስተማሪ ነበር» አለ።

ማርታ ሳቀች፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ።

«ሞኝ! ያባቱ ልጅ ነህ። ወሬውን ታምሩ ፈጥሮት ነው። መስቀል ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ እግሩ ላይ ወድቀህ ስትለምነው ሊያይ ፈልጎ ነው። ከዚያ ‹ቀልዴን ነው› ሊልህ ነበር። ለእኔ ነግሮኛል።»

ኤልያስ ፖሊሶቹ ሲይዙት እንደ ባዶ ጆንያ ተከተላቸው። አደይ ማርታን አየቻት። ይህን ሁሉ አውቃ በዚያ ምሳ ላይ ዝም ያለችን ሴት በምን ትከሳታለች? እንዲህ ያለ ወንጀል የለም።

ባዩ ተፈታ። ይቅርታ ያለው የለም። ሲና እጁን ይዛ ወደ በሩ ስትወስደው፣ ያ ምራቁን የተፋው ዘመድ ከኋላ ተጣራ።

«አንተ ባዩ! ሬሳውን ነገ ወደ ቸሃ ማድረስ አለብን። ሌላ መኪና የለም። ዘንጉን ግጠምልን እንጂ።»

ሲና ዞራ ልትሰድበው ስትል ባዩ ያዛት። መኪናውን አየ። የፈረሰውን ግንብ አየ። ተመለሰና ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ተሸክሞ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር አስገባ፤ ማርሹን አረጋገጠ፤ የቀኙን ሎክ አሰረ፤ ከጋቢናው ላይ ቁልፉን ነቅሎ ለሲና ሰጣት። ከዚያ መኪናው ሥር ከመግባቱ በፊት ቀና ብሎ የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከታቸው።

«ሁላችሁም ከግቢው ውጡ» አለ። «ሲና፣ በሩን ዝጊው። አንቺም ከፊት ጎማው አጠገብ ቁሚ።»