የመሪው ሙክት ቃጭል

የሰውን ልጅ ስጠብቅ የራሴን ማን ሊጠብቅልኝ ነበር?

እንጃ...

ልጆቼ፣ ያመነ ይመን፤ እኔ ግን በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ በጨለማ እንዳይመስላችሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከዳርሊንግ ወንዝ ማዶ ባለው የበግ እርባታችን ነው።

ጎርፉ መንገዱን ከበላው ሰንብቷል። ስልኩም ሞቷል። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ የልጅ ልጄ ዳሪልና ፍሬያ ነን።

ፍሬያ አገር ልይ ብላ ከስኮትላንድ የመጣች ልጅ ናት። ለምግቧና ለመኝታዋ በግ ታግድልናለች። እናቷ ስልኩ ሳይሞት ደውላ "አደራ" ብላኛለች። ስለዚህ ዓይኔ ከእሷ አይነሳም።

ሥጋ ሲያልቅብን ዳሪል ሽማግሌውን መሪ ሙክት አረደው። መንጋውን አስከትሎ ወደ መሸለቻው ዳስ የሚያስገባውን። ቃጭሉን ወጥ ቤት ምስማር ላይ ሰቀለው።

"መሪ አይታረድም፣ አንተ ልጅ! አያትህ እንኳ በድርቁ ጊዜ አላደረገውም።"

"ኧረ አያቴ! በጎቹ ሊከሱኝ ነው?"

ሳቀና ጎድኑን ጋጠ። እኔ አልቀመስኩም። ፍሬያም ሥጋ አትበላም።

በማግስቱ ቁርስ አልፈልግም አለ። አፉ ግን ያኝካል...

"ምን ታመሰኳለህ?" አለችው ፍሬያ እየሳቀች።

ዳሪል ተረብ ሳይመልስ አያድርም። ያን ቀን ማኘኩን ብቻ ቀጠለ።

ምሳ ላይ ተቀምጠን...

ቅጭል... ቅጭል...

ፍሬያ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"እማማ ኖሪን... ሰሙ?"

"ዝም በይ።"

ምስማሩን አየሁ። ቃጭሉ እዚያው ነው። አይነቃነቅም።

ድምፁ ከውጭ ነው።

በመስኮት ሳይ በጎቹ ተሰልፈው ወደ ዳሱ ይወጣሉ። የሚነዳቸው የለም። ውሻው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል።

ፊተኛዋ በግ አንገቷን ዘርግታ የሌላ በግ ጭራ እንደምታሸት ሆና ትሄዳለች...

ከፊቷ ግን ምንም የለም።

ቅጭል... አሁን ግቢው ውስጥ ነው።

ቅጭል... በረንዳው ላይ።

የፍሬያን ክንድ ጨምድጄ ያዝኩ።

"አትነሺ። ምንም ብትሰሚ፣ እንዳትነሺ።"

"ኧረ እማማ፣ አመመኝ!"

"ይመምሽ!"

ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም። የሰው አደራ ናታ።

እሷ ግን እኔን አታይም... ከኋላዬ ነው የምታየው።

ወንበር ተንሸራተተ።

ዞር አልኩ። ዳሪል ቆሟል። ባርኔጣው መስቀያው ላይ ነው። ይህ ልጅ ያለ ባርኔጣ ደጅ ረግጦ አያውቅም።

"ዳሪል?... የት ልትሄድ ነው፣ ልጄ?"

አፉ ያመሰኳል።

ምስማሩን አየሁ... ባዶ ነው።

በሩን ከፈተ። እንደ ፊተኛዋ በግ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ዳሱ ወጣ።