ከአመዱ በላይ የተገኘው አጽም

በጥር 1955 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው የባቡር ሠራተኞች አሮጌ ቆሻሻ መጣያ ላይ የመጋዘን መሠረት ሲቆፈር የሰው አጽም ወጣ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። መጣያው ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ጂን አለበት ስለሚባል ሰው በቀን እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ነፋስ ሲነሳ አፋቸውን የከፈቱት ጠርሙሶች ያፏጫሉ፤ ፉጨቱም ከሰው ልቅሶ እምብዛም አይለይም። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ሸሹ። የደረሰው ፖሊስ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ጉድጓዱን በሸራ ሸፈነና፣ ሥራውን የሚያሠሩት ሦስት የባቡር ሰዎች እሑድን በተራ እንዲጠብቁ አዘዘ።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው መቶ አለቃ ሳዶ ከሐረር ተመልሶ መጣ። ጓደኞቹ «ጫሪው» ይሉታል፤ የወደቀ ጠርሙስ አንስቶ ቂጡን ሳያይ አያልፍም። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» እያሉ ሲያሾፉበት አብሯቸው ይስቃል።

ሸራው ሲገለጥ ከራስ ቅሉ አጠገብ የጣሊያን ወታደር ኮዳ ተጋድሞ ነበር።

«ጣሊያን ነው» አለ ካሣ። ከሦስቱ ጠባቂዎች አንዱ፣ የናፍጣ ሞተር ክፍል ኃላፊ ነው፤ የመጪው እሑድ ሙሽራ። «ኮዳው ይመሰክራል። ይቀበርና ሥራችንን እንቀጥል፣ ጌታዬ።»

ሳዶ ወርዶ የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ይጭር ጀመር። ከታች የዛገ የሰርዲን ቆርቆሮና ቂጡ ላይ የጣሊያን ፋብሪካ ስምና ዓመት የተቀረጸበት ጠርሙስ አወጣ። ከዚያ በላይ ክንድ ተኩል የሚሆን ግራጫ አመድ አለ። ከአመዱ በላይ አጽሙ፣ በዙሪያው ደግሞ በዘይት የጠቆሩ የናፍጣ ማጣሪያዎች። ኮዳውን ሲገለብጠው ነጭ የወንዝ አሸዋ ፈሰሰ። ነፋሱ ሲያፏጭ ዞር ብሎ አየ። እውነቱን ለመናገር፣ እሱም ቦታውን ይፈራዋል።

ከሦስቱ ጠባቂዎች በሺርን መጠየቅ አስቀደመ፤ ሃያ ዓመት አመድ ሲደፋ የኖረ ሰው ነው።

«ይሄ ሁሉ አመድ ከየት መጣ?»

«አቦ፣ አታውቅም እንዴ? የከሰሉ ባቡር ነዋ። ዑመር ከእቶኑ ይጠርጋል፣ እኔ በጋሪ እደፋለሁ። በየቀኑ። ናፍጣ ሲመጣ ቀረ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።»

ሦስተኛው ጠባቂ ዑመር፣ የድሮው የእቶን ሠራተኛ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«አልተቆፈረም» አለ። «እንደ ተነባበረ ነው። የጣሊያን ዕቃ ከዚህ በታች ነው፤ እኛ አሮጌዎቹ ዓይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን፣ ወላሂ።»

ከጉድጓዱ ራቅ ብላ አንዲት ሴት ቆማለች። ይርገዱ ናት፣ የካሣ እጮኛ። የመጀመሪያ ባሏ ክፍሉ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት ለሥራ እንደወጣ ቀረ።

«ማነው የሞተው?» አለችው ሳዶ ሲጠጋት። «ጣሊያን ከሆነ እሑድ አገባለሁ። እሱ ከሆነ ግን ልወቀው።»

«ጅቡቲ ሄደ ይባል የለ?»

«በጠፋ በሁለተኛው ዓመት ካሣ እዚያ አይቶታል። ሌላ አግብቷል አለኝ። በህልሜ ግን ይመጣል። አይናገርም፤ ልብሱን ብቻ ያራግፋል። ደክሞኛል፣ መቶ አለቃ።»

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ አካሉ ላይ ምልክት ነበረው?»

«ግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ ቢያሸውም ጠሞ ነው የገጠመው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሳዶ ሦስቱን ጠባቂዎችና ይርገዱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰባቸው።

«ቆሻሻ በመጣበት ተራ ይተኛል» ብሎ ጀመረ። «አጽሙ ያለው ካልተነካ አመድ በላይ ነው። አመዱ ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት፣ መጣያው ከተዘጋ ዘጠኝ። ሰውየው የሞተው በመካከሉ ነው። ያኔ የጣሊያን ጦር ከአገር ከወጣ ቆይቷል።»

«ኮዳውስ?» አለ ካሣ።

«ፖሊሱ ቅዳሜ በጻፈው ዝርዝር ውስጥ የለም። እሑድ ነው የተቀመጠው፤ የደቻቱን አሸዋ እንኳ አላራገፉለትም። የጠበቃችሁት ደግሞ ሦስታችሁ ናችሁ። በሺርና ዑመር የጣሊያን ዕቃ ከአመድ በላይ እንደማይገኝ ያውቃሉ፤ ሊያታልሉ ቢፈልጉ እንዲህ አይሳሳቱም። አንተ ግን የመጣኸው ከናፍጣው ጋር ነው። ላንተ አሮጌ ቆሻሻ ሁሉ አንድ ነው።»

«ኮዳ ያስቀመጠ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«አይደለም። ነገር ግን የዚህ ሰው ግራ ቅልጥም ጠሞ የገጠመ ነው።» ሳዶ የይርገዱን ፊት ለማየት አልደፈረም። «ክፍሉ ነው። ጅቡቲ አየሁት ባልክበት ዓመት ይህ ቦታ ተዘግቶ ነበር፤ እሱም እዚህ ተኝቶ ነበር። ታዲያ ያየኸው ማንን ነው?»

ካሣ ወደ ይርገዱ ዞሮ «ላንቺ ብዬ ነው» አለ። ዑመር እጁን ያዘው፤ እሱም አልታገለም።

ይርገዱ አላየችውም። ወደ ጉድጓዱ ጠጋ አለች።

«አሥር ዓመት ረገምኩት» አለች። «በየቀኑ።»

ነጠላዋን ፈታ አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ የባሏን ስም እየጠራች አለቀሰችለት።